ሙስሊም ስፖርተኞችና ዳዕዋ (ሰውን ወደ እስልምና መጥራት)፦ ሰው ልብ የሚገባው ፖስቱ ነው ወይስ ኑሮው?

ቀዩ ከአብነት

አሰላሙ አለይኩም። ሙስሊም ላልሆናችሁ የመድረኩ ሰዎችም ሰላም ለእናንተ ይሁን።

ከጓደኞቼ ጋር ስንከራከርበት የከረምነውን ነገር እዚህ ላምጣው። አንዳንዶቹ «ሚሊዮን ተከታይ ያለው ሙስሊም ስፖርተኛ ስለ ዲኑ በየቀኑ መፖሰት አለበት፤ ካልፖሰተ አማናውን (አደራውን) አልተወጣም» ይላሉ። እኔ አልስማማም። ስፖርተኛ ዲኑን የሚያሳውቀው በአኗኗሩ ነው። ሶሻል ሚዲያ ያንን ኑሮ ለሩቅ ሰው ያደርሳል እንጂ ኑሮውን አይተካም።

ግብፃዊውን እግር ኳስ ተጫዋች ሳላህን እዩት። ከሮማ ወደ ሊቨርፑል የመጣው በ2017 ክረምት ነው (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ጊዜው ለእንግሊዝ ሙስሊሞች ከባድ ነበር። በአክራሪዎች የተፈጸሙት የማንቸስተርና የለንደን ብሪጅ ጥቃቶች ገና ከሰው አፍ አልወጡም። ሳላህ መጣ፣ ጎል አገባ፣ ግንባሩን መሬት አስነክቶ ሱጁድ ወረደ። በቃ። በመጀመሪያው የውድድር ዓመት 44 ጎል አስቆጠረ። ደጋፊው ደግሞ «ትንሽ ከጨመረ እኔም እሰልማለሁ፣ መስጂድ ገብቼ እቀመጣለሁ» የሚል ዜማ አወጣለት። እንግሊዝ ውስጥ፣ በዚያ ሰሞን!

ይህ የደጋፊ ስሜት ብቻ አይደለም። ተመራማሪዎች አጥንተውት ውጤቱ በ2021 በአሜሪካ የፖለቲካ ሳይንስ ጆርናል ላይ ታትሟል። እሱ ከመጣ በኋላ ሊቨርፑል ባለችበት በመርሲሳይድ የጥላቻ ወንጀል፣ ባይመጣ ኖሮ ይደርስበታል ተብሎ ከተሰላው በ16 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። የክለቡ ደጋፊዎች ትዊተር ላይ ሙስሊሞችን የሚሰድቡበት መጠንም ከሌሎች ትልልቅ ክለቦች ደጋፊዎች ጋር ሲነፃፀር በግማሽ ወረደ። ሳላህ ለዚህ ሲል አንድም ትምህርት አልሰጠም። ሰዎቹ በየሳምንቱ አዩት፣ ለመዱት፣ ወደዱት።

እናንተስ ምን ትላላችሁ?

ኡሙ ሪያን (ጅዳ)

ወአለይኩሙ ሰላም ወረህመቱላህ ወንድሜ። ሴኔጋላዊውን ማኔን፣ ያኔ በሊቨርፑል ከሳላህ ጋር ይጫወት የነበረውን፣ እንዴት ረሳኸው?

በ2018 ሌስተር ላይ ጎል ባገባ ሰሞን በሊቨርፑል ከተማ አንድ መስጂድ ውስጥ ሽንት ቤት ሲያፀዳ የሚያሳይ ቪዲዮ ወጥቶ ነበር። እኔ እዚህ ሰው ቤት ነው የምሠራው። ማጠብ መጥረግ እንጀራዬ ነው። ያ ቪዲዮ ስልኬ ላይ ሲደርሰኝ ደጋግሜ አየሁት። በሳምንት የሚያገኘውን ገንዘብ እኔ በዕድሜዬ አላየውም፤ ግን የያዝነው መጥረጊያ አንድ ነው። ስለ መተናነስ ብዙ ደርስ ሰምቻለሁ። እንደዚያ ልቤ ውስጥ የገባ የለም።

አባቱ የሞቱት እሱ ልጅ እያለ ነው፤ በመንደራቸው በባምባሊ ሐኪም ቤት አልነበረም። አድጎ ገንዘብ ሲያገኝ እዚያው መንደር ሆስፒታል አሠራ። በ2021 ተከፈተ። አላህ ይቀበለው።

ሀያት ጂ

ቀዩ፣ ግማሽ መንገድ ብቻ ነው አብሬህ የምሄደው።

ያደግሁት ፍራንክፈርት ነው። ክፍላችን ውስጥ የምትጾም ተማሪ እኔ ብቻ ነበርኩ። በየዓመቱ «ውሃም አትጠጪም?» የሚል ጥያቄ ይመጣል፤ በየዓመቱ እመልሳለሁ። እንደ እኔ ላለ ልጅ ስፖርተኛው የሚፖስተው ነገር ትንሽ ነገር አይደለም። ሰፈራችሁ አዛን የሚሰማ ሰዎች ይህ ላይገባችሁ ይችላል።

ኤፕሪል 2021 የእንግሊዞቹ ክለቦች ሌስተርና ክሪስታል ፓላስ ሲጫወቱ ረመዳን ነበር። መግሪብ (ጾም የሚፈታበት የፀሐይ መጥለቂያ ሰዓት) ጨዋታው መሃል ይገባል። ቡድኖቹና ዳኛው አስቀድመው ተስማምተው፣ የመጀመሪያው አጋማሽ 30ኛ ደቂቃ አካባቢ የፓላሱ ግብ ጠባቂ ጓይታ ኳሷን ሳይመታ ትንሽ ቆየ። የሌስተሩ ፎፋናና የፓላሱ ኩያቴ ወደ ሜዳው ዳር ሄደው አፈጠሩ። ከጨዋታው በኋላ ፎፋና ትዊተር ላይ ሊጉን፣ ፓላስን፣ ጓይታንና የራሱን ክለብ አመሰገነ። ያ አጭር ጽሑፍ ዓለምን ዞረ። ከሁለት ዓመት በኋላ በእንግሊዝ ሊጎች ጨዋታን ለኢፍጣር ለአፍታ ማቆም የተለመደ ነገር ሆነ። በዚያው በ2023 ግን የፈረንሳይ እግር ኳስ ፌዴሬሽን «ለኢፍጣር ብላችሁ ጨዋታ እንዳታቆሙ» ብሎ ለዳኞቹ ጻፈ። ስለዚህ የአንድ ተጫዋች ፖስት የትም አገር በራሱ በር ይከፍታል አልልም። ግን እንደ እኔ ላሉ ልጆች ብቻችሁን አይደላችሁም ይላል።

ቀዩ ከአብነት

ሀያት፣ የፎፋናን ጥሩ አደረግሽ። ግን እዪው፦ የጻፈው ምስጋና ነው። «እስልምና እንዲህ ይላል» አላለም። እስልምና የሚለውን አደረገ፣ ሰውን አመሰገነ። እኔም የምለው ይህንኑ ነው።

ገብሬ ዘጉለሌ

እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ። ውይይቱን ሳነብ ዝም ብዬ ማለፍ አቃተኝ።

ለንደን 2012ን አስታውሱ። መሠረት ደፋር 5,000 ሜትር አሸንፋ ከደረቷ የእመቤታችንን ስዕል አውጥታ ፊቷ ላይ አድርጋ ስታለቅስ ቤታችን ሁሉም አልቅሷል። በዚያው ኦሎምፒክ ሙስሊሙ የእንግሊዝ ሯጭ ሞ ፋራህ 5,000ውንም 10,000ውንም ወሰደ። በ5,000ው የቀደመው የኛን ደጀን ገብረመስቀልን ነው። ተናድጄ ነበር። ከዚያ ተንበርክኮ ግንባሩን መሬት ሲያስነካ ንዴቴ የት እንደገባ አላውቅም። ላሸነፈበት ጉልበት ባለቤቱን እያመሰገነ ያለን ሰው እንዴት ትጠላዋለህ? መሠረት ያደረገችውም ይህንኑ ነው።

አንድ አገር ላይ አብረን የኖርን ሰዎች ይህ አይጠፋንም። ጎረቤቴ ሐጂ ሲሰግዱ እያየሁ ነው ያደግሁት። ለፈረንጁ ግን ሳላህ የመጀመሪያው ሐጂ ጎረቤት ነው። ጥናቱ ያሳየው ይህ ይመስለኛል።

ኡሙ ሪያን (ጅዳ)

ገብሬ፣ እናትህ ይባረኩ። «ለፈረንጁ ሳላህ የመጀመሪያው ሐጂ ጎረቤት ነው» ያልከውን ለልጄ ልኬለታለሁ።

ሯጭ ከአሰላ

ሰላም ለሁላችሁ። ከልምምድ በኋላ ስለሆነ የምጽፈው አጠር አደርገዋለሁ።

ስለ ሱጁድ አወራችሁ፤ ሱጁዱ የመጨረሻው ደቂቃ ነው። ሰው የማያየው ከዚያ በፊት ያለው ነው። ረመዳን ላይ እዚህ ከፍታ ላይ መሮጥ ምን እንደሚመስል እኛ እናውቀዋለን። ከባዱን ልምምድ ወደ መግሪብ አስጠግተህ ትሠራለህ፣ እንደጨረስክ ታፈጥራለህ። ወይም ከኢፍጣር በኋላ ማታ ትወጣለህ። ጠዋት ከሱሑር በኋላ ቀላል ሩጫ። የሚጎዳው ረሃቡ አይደለም፣ ውሃው ነው። እንቅልፉም ይቆራረጣል። በ2023 ሁዳዴና ረመዳን ተገጣጥመው ነበር፤ አብረውኝ የሚሮጡት ክርስቲያን ልጆች እስከ ቀትር በኋላ ሳይቀምሱ፣ እኛ እስከ መግሪብ ሳንቀምስ አንድ ዳገት ላይ ተያይዘን ወጣን። ማንም አልቀረፀንም።

ሲፋን ሀሰንን የምወዳት ለዚህ ነው። አዳማ ተወልዳ በ2008 በ15 ዓመቷ ስደተኛ ሆና ሆላንድ የገባች ልጅ ናት። የመጀመሪያ ማራቶኗን ለንደን ላይ ስትሮጥ ኤፕሪል 23 ቀን 2023፣ ኢድ ካለፈ ገና ሁለት ቀኑ ነበር። ዝግጅቷ ረመዳን ላይ ስለዋለ እየሮጡ ውሃ መጠጣትን እንኳ በቅጡ አልተለማመደችም። መሃል ላይ ዳሌዋን አሟት ቆማ አፍታታች። ተስፋ ቆርጠንባት ነበር። ተመልሳ ደረሰችባቸውና አለሙ መገርቱንና ኬንያዊቷን ጄፕቺርቺርን ቀድማ በ2 ሰዓት ከ18 ደቂቃ ከ33 ሰከንድ ገባች። ሩጫ የሚያውቅ ሰው ይህንን ሲሰማ ጾምን እንደ ድካም ብቻ አያየውም።

አዳሜ ቡልጋሪያ

ስለ ሲፋን ስታወሩ የ2024ቱን የፓሪስ ኦሎምፒክ ማራቶን አትርሱ። ትግስት አሰፋን በ3 ሰከንድ ነው የቀደመቻት፣ ያውም መጨረሻው አካባቢ በክርን ተነካክተው። ፌዴሬሽናችን አቤት ብሎ ውድቅ ሆነበት። እኔ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ነጃት

ወንድሜ፣ ትግስት እኔንም አንገብግባኛለች። አገሬ ናት። ግን ከሩጫው በኋላ የሆነውን ደግሞ ልንገርህ።

ሲፋን ፓሪስ ላይ በ5,000 እና በ10,000 ነሐስ ወስዳ፣ ማራቶኑን በኦሎምፒክ ሪከርድ አሸነፈች። የሴቶች ማራቶን ሜዳሊያ የተሰጠው በመዝጊያው ሥነ ሥርዓት ላይ፣ ዓለም ሁሉ እያየ ነው። ሲፋን ሂጃብ ለብሳ ወጣች። የትኛው አገር? ፈረንሳይ። የራሷን ሴት አትሌቶች በዚያው ኦሎምፒክ ሂጃብ እንዳይለብሱ የከለከለች አገር። ፈረንሳዊቷ ሯጭ ሱንካምባ ሲላ በመክፈቻው ለመሳተፍ ሂጃቧን በኮፍያ መተካት ነበረባት። ሲፋን ስለዚህ ጉዳይ መግለጫ አላወጣችም። ለበሰች፣ ፈገግ አለች፣ ወርቋን ተቀበለች። እኔ ቴሌቪዥኑ ፊት ቆሜ ነው ያየሁት፤ መቀመጥ አልቻልኩም።

ወዲያው ግን ኮሜንቱ ጀመረ። «ስትሮጥ ሳትለብስ አሁን ምን ለበሰች» የሚሉ የኛ ሰዎች፣ «ፖለቲካ አደረገችው» የሚሉ የነሱ ሰዎች። ሁለቱም ወገን አሳዘነኝ። አንድ ሰው ለአላህ ብሎ አንድ እርምጃ ሲራመድ ስላልተራመደው እርምጃ የምንጠይቀው በየትኛው ሥልጣን ነው?

ሞሮኳዊቷን እግር ኳስ ተጫዋች ኑሃይላ ቤንዚናንም እዚህ ላስገባ። ጁላይ 30 ቀን 2023 አደሌድ ላይ ሞሮኮ ከደቡብ ኮሪያ ስትጫወት፣ በሴቶች ዋና ዓለም ዋንጫ በሂጃብ የተጫወተች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። ሞሮኮ 1 ለ 0 አሸነፈች። ፊፋ ለዓመታት «ለደህንነት ያሰጋል» ብሎ ሲከለክለው የቆየው ልብስ ነው። እሷ 90 ደቂቃ ተከላካይ ሆና ተጫወተችበት፤ የተጎዳ ሰው የለም።

አቡ ሀናን

ልጆች፣ ውይይታችሁ ደስ ይላል። እኔ ልጆች ቁርኣን አስቀራለሁ፤ ስለ ኳስ ብዙም አላውቅም። ስለ ኒያ (ሰው በልቡ ስለሚያስበው ዓላማ) ግን አንድ ነገር ልበል።

መልካም ሥራን ማሳየት በራሱ ጥፋት አይደለም። ሱረቱል በቀራ ቁጥር 271 ላይ ምጽዋትን ብትገልጹ መልካም ነው፤ ብትደብቁና ለድኾች ብትሰጡ ደግሞ ለእናንተ የተሻለ ነው ተብሏል። ሁለቱም መንገድ ተፈቅዷል። ልዩነቱ ልብ ውስጥ ነው። ሰው አይቶ እንዲከተለው ብሎ የገለጠ አጅር (ምንዳ) አለው። ሰው እንዲያሞግሰው ብሎ የገለጠ ሪያእ (ለታይታ መሥራት) ውስጥ ወድቋል። ያንን ደግሞ ከአላህ በቀር የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ሳላህ ለታይታ ነው፣ እገሌ ከልቡ ነው እያላችሁ አትፍረዱ።

ሁለተኛ፣ ስፖርተኛው ዓሊም (የሃይማኖት ሊቅ) አይደለም። ፈትዋ አትጠይቁት። መንገደኛና በሽተኛ ጾሙን ፈቶ በኋላ ቀዷ (ምትኩን) እንዲያወጣ ቁርኣን ፈቅዷል። ስለዚህ አንድ ተጫዋች ለጨዋታ አገር አቋርጦ ሄዶ ሳይጾም ብታዩት «ዲኑን ሸጠ» አትበሉ። ስንቱ ልጅ እንዲህ ሲል ሰምቼ አዝኛለሁ።

ቀዩ ከአብነት

ጀዛከላህ ኸይር ኡስታዝ። የተናገሩት በ2018 የሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ ጊዜ በትክክል ሆኗል። ጨዋታው ኪየቭ ላይ በረመዳን ነበር። ሳላህ በጨዋታው ቀንና በዋዜማው እንደማይጾም ተነገረ። ከዚያ ትከሻው ተጎድቶ እያለቀሰ ሲወጣ «ስላልጾመ ነው የተቀጣ» ያሉ ሰዎች ነበሩ። የገዛ ወንድሞቻችን!

ሀያት ጂ

እኔን የሚያስጨንቀኝ ይህ ነው። ሳላህ በየዓመቱ ለገና ከቤተሰቡ ጋር ዛፍ አጠገብ የተነሳውን ፎቶ ይለጥፋል። በየዓመቱ ሥሩ ስድብ ይጎርፋል። ዛፉን ውደዱት አላልኩም፤ ዑለማዎች የሚሉትን አከብራለሁ። ግን እዚያ ኮሜንት ሥር የሚያነበው ሙስሊም ያልሆነ ሰው የሚያየው ዳዕዋ የትኛው ነው? የሳላህ ፈገግታ ወይስ የኛ ስድብ? ስለ ስፖርተኛው ፖስት ይህን ያህል ስናወራ፣ እኛ ከሥሩ የምንጽፈውም አብሮ እንደሚነበብ አንርሳ።

የሌላው ወገን ደግሞ አለ። ማርች 2024 ጀርመናዊው እግር ኳስ ተጫዋች ሩዲገር ለረመዳን ነጭ ለብሶ፣ መስገጃ ላይ ሆኖ ጣቱን ወደ ላይ ያደረገበትን ፎቶ ለጠፈ። እኛ ተሸሁድ ላይ (በሰላት ውስጥ ተቀምጠን ምስክርነት ስንሰጥ) በየቀኑ የምናደርገው ነው። አንድ የጀርመን ጋዜጠኛ የአክራሪዎች ምልክት አደረገው። አገሩ ሁሉ ተናወጠ፤ ሩዲገር ክስ አቀረበ። እኔ በማግስቱ ሥራ ቦታዬ ላይ ስለ ጣቱ ትርጉም ማስረዳት ነበረብኝ። አስረዳሁ። ሁለት ባልደረቦቼ ከዚያ ቀን በኋላ ስለ ሰላት ይጠይቁኛል።

አዳሜ ቡልጋሪያ

የተመረጡትን ብቻ አታንሱ። የዩኤፍሲው የድብልቅ ፍልሚያ ተጋጣሚ ካቢብ ኑርማጎሜዶቭስ? እያንዳንዱን ቃለ ምልልስ በአልሐምዱሊላህ ነው የሚጀምረው። ግን ኦክቶበር 2018 ተጋጣሚውን ማክግሬገርን ካሸነፈ በኋላ ከኬጁ (ከመፋለሚያው አጥር) ዘሎ ወጥቶ ሰው ላይ ወደቀ። 500,000 ዶላር ተቀጣ፣ ለዘጠኝ ወር ታገደ። ያንን ያየ ልጅ ምን ይማራል?

ሯጭ ከአሰላ

የጠየቅከው ተገቢ ጥያቄ ነው። ስለ ዲኑ፣ ስለ አባቱና ስለ አገሩ ብዙ ስድብ ተሰድቦ ነበር። ያም ሆኖ የሠራው ልክ አልነበረም። የዚያኑ ማታ ጋዜጠኞች ፊት ቀርቦ ይቅርታ ጠይቋል።

እኔ ካቢብን የማስታውሰው ግን በ2020 ነው። አባቱ ማለት አሰልጣኙ ነበሩ። በዚያ ክረምት ከኮቪድ ጋር በተያያዘ ሕመም ሞቱ። ኦክቶበር ላይ ተጋጠመ፣ አሸነፈ፣ መሬት ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። ከዚያ ጓንቱን አውልቆ «ያለ አባቴ እንደማልጋጠም ለእናቴ ቃል ገብቻለሁ» አለ። 29 አሸንፎ አንድም ሳይሸነፍ ቆመ። ብዙ ገንዘብ እየጠበቀው ነበር። የእናት ሐቅ ማለት ምን እንደሆነ ሰፈራችን ያሉ ልጆች ከዚያ በላይ በምን ይማሩታል? ሁለቱም ካቢብ ናቸው። ልጆቹ ሁለቱንም ይዩ፣ እኛ ደግሞ የቱ ልክ የቱ ስህተት እንደሆነ እንንገራቸው።

እናት ከኮሎምበስ

አሰላሙ አለይኩም። ሳነብ ነው የቆየሁት፣ ዛሬ ግን ምክር ፈልጌ መጣሁ።

የምንኖረው ኦሃዮ ነው። ልጄ 14 ዓመቷ ነው፤ የትምህርት ቤቷ የአገር አቋራጭ ሩጫ ቡድን መርጧታል። ሂጃብ ትለብሳለች፣ ማውለቅም አትፈልግም። ግድግዳዋ ላይ ሲፋን አለች። አባቷ «ዳኛ ከመስመር ቢያስወጣትስ? ሰው ፊት ብትዋረድስ?» ብሎ ፈርቷል። እኔም ፈራሁ። ምን ላድርግ?

ነጃት

ወአለይኩሙ ሰላም እህቴ። ፍርሃታችሁ ከመሬት የመጣ አይደለም። በ2019 እዚያው ኦሃዮ አንዲት የ16 ዓመት ሙስሊም ልጅ አገር አቋራጭ ሮጣ ከጨረሰች በኋላ «አስቀድሞ ፈቃድ አልተወሰደም» ተብሎ ውጤቷ ተሰረዘ፣ በሂጃቧ ምክንያት። ነገሩ ፌስቡክ ላይ ወጣ፤ አገር ሰማ። ልጅቷ ዝም አላለችም፤ ሕግ አውጪዎች ፊት ቀርባ ተናገረች። በ2022 መጀመሪያ የግዛቱ ገዥ ሕጉን ፈረሙ። አሁን ኦሃዮ ውስጥ ትምህርት ቤትም ሆነ የስፖርት ማኅበር ተማሪን ለሃይማኖት ልብስ አስቀድመሽ ፈቃድ አምጪ ማለት አይችልም፤ ልብሱ በእርግጥ አደጋ የሚያመጣ ካልሆነ በቀር።

ስለዚህ አሰልጣኟን አሁኑኑ አነጋግሩ። ፈቃድ ለመለመን አይደለም፣ እንዲያውቀው። ሕጉን አትማችሁ ያዙ። ልብሱን በተመለከተ ደግሞ መርፌ የሌለው፣ አንገት ላይ የማይላላ የስፖርት ሂጃብ ግዙላት። ከውድድሩ በፊት በልምምድ ትልበሰው፤ ላብ ሲይዘው ምን እንደሚሆን ቀድማ ትወቅ።

ሯጭ ከአሰላ

ማሻአላህ፣ አላህ ያበርታት። ለልጅቷ ንገሪልኝ፦ በመጀመሪያው ኪሎ ሜትር ከፊት ካሉት ጋር አትቸኩል። አገር አቋራጭ ላይ ሁሉም ልጅ መነሻው ላይ ይከንፋል፣ ዳገቱ ላይ ይለያል።

እናት ከኮሎምበስ

ጀዛኩሙላህ ኸይር፤ ሁላችሁንም። ነጃት፣ ሕጉን ለአባቷ አነበብኩለት። ሁለታችንም አሰልጣኟ ጋ እንሄዳለን ብሏል። የመጀመሪያው ውድድሯ ቅዳሜ ጠዋት ነው።

ገብሬ ዘጉለሌ

እህቴ፣ ስትጨርስ ስንተኛ እንደገባች እዚህ ጻፊልን። በሰዓት ልዩነቱ ለኛ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይሆናል፤ እንጠብቃለን።